ስኪፍል በጨንቻ ተራራ

ካሴቱን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ተናደድኩ። የእንግሊዝ ሙዚቃ ሲባል እኔ የማውቀው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ሙዚቃ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን፣ ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ የተኛ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር የታጠቁ ሰዎች ነበር። ከአስተማሪያችን ቴፕ የወጣው ግን ጉንፋን የያዘው የሚመስል የአንድ ልጅ ድምፅ፣ የሚንኳኳ ጊታር፣ ቆርቆሮ የሚፍቅ ነገርና ከጀርባ «ዱም፣ ዱም» የሚል ሌላ ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፌን ትቼ የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ አልኩ በልቤ።

ጊዜው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ አርባ ምንጭ ባለው የውኃ ምህንድስና ተቋም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የእንግሊዝኛ ክበባችንን የሚመሩት አስተማሪያችን በበጎ ፈቃድ የመጡ አንዲት እንግሊዛዊት ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ የቆላው ፀሐይ አፍንጫቸውን የላጠው ሴት። አብሮኝ የሚማር አንድ የአዲስ አበባ ልጅ «ፈረንጅ አንቱ አይባልም» እያለ ይከራከረኝ ነበር። እኔ እናቴን የምታክል ሴት አንቺ የምልበት አፍ የለኝም፤ ዛሬም ስጽፍ አንቱ እላቸዋለሁ።

«የሁሉም መጀመሪያ ይኼ ነው» አሉን ቴፑን ዘግተው። እነዚያ ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ሰዎች ልጆች ሳሉ የጀመሩት በዚህ ነው፤ ስሙም ስኪፍል ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ አገራቸው ደኽይታ ስኳርና ሥጋ ለዓመታት በራሽን ነበር አሉ። ራሽን የሚለውን ቃል ስንሰማ ሳቅን። እኛ ቀበሌ ተሰልፈን ያደግን ነን፤ እንግሊዝ ግን ተሰልፎ ያውቃል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

መሣሪያ መግዣ በማንም ቤት አልነበረም። ስለዚህ ልጆቹ ሻይ ቅጠል በመርከብ ተጭኖ የሚመጣበትን የእንጨት ሳጥን ገልብጠው፣ የመጥረጊያ እጀታ አቁመው፣ ከሳጥኑ እስከ እንጨቱ ጫፍ ሲባጎ ወጥረው ባስ አደረጉት። እናቶቻቸው ልብስ የሚያሹበት ሸንተረር ሸንተረር ያለው ቆርቆሮ አለ፤ እሱን ደግሞ ልብስ ሰፊ መርፌ እንዳይወጋው ጣቱ ላይ በሚያጠልቀው ብረት ይፍቁታል። ጊታር ያለው አንድ ልጅ ሦስት ኮርድ ካወቀ ባንድ ተቋቋመ ማለት ነው። ዘፈኑንም ቢሆን ከአሜሪካ ጥቁር ሠራተኞች ነበር የወሰዱት፤ ስለ ባቡር፣ ስለ እስር ቤት፣ ስለ ጥጥ ለቀማ።

«እኔ የልብስ ማሻው ነበርኩ» አሉ አስተማሪያችን። አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ሰኞ ጠዋት እናታቸው ልብስ ሊያጥቡ ሲነሱ ማሻው የለም፤ ከልምምድ በኋላ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ተረስቶ አድሯል። ይህን ሲናገሩ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። ንዴቴ የጠፋው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

የአዲስ አበባው ልጅ ጊታር ነበረው። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እስቲ እንሞክረው» አለ።

እኛ ዘንድ ሻይ በሳጥን አይመጣም። የተቋሙ ላቦራቶሪ ጀርባ ግን ከውጭ አገር የውኃ ፓምፕ የመጣበት የኮምፔንሳቶ ሳጥን ወድቆ ነበር፤ ጠይቀን ወሰድነው። የመጥረጊያ እጀታ ሲሉን ተያየን፤ የእኛ መጥረጊያ የሣር እስር ነው፣ ምን እጀታ አለው? የዶርማችንን መወልወያ እንጨት ነቀልን። ሲባጎው ገና ስንወጥረው እየተበጠሰ ሲያስቸግረን፣ አባያ ዳር ዓሣ ከሚያጠምዱ ሰዎች የመረብ ናይለን ለምነን አመጣን፤ እሱ ቻለ። ልብስ ማሻ የሚባል ነገር በአርባ ምንጭ አይታወቅም። ክንድ የምታክል የጣራ ቆርቆሮ ቆርጠን፣ እጅ እንዳትቆርጥ ጠርዟን በጨርቅ ጠቀለልናት። አስተማሪያችን በማንኪያ ሲፍቋት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኑ። ባሱን እኔ ያዝኩት። እንጨቱን ወደ ኋላ ስገፋው ድምፁ ይቀጥናል፣ ስመልሰው ይወፍራል። አንድ ሳምንት ጣቶቼ ቆስለው እስክሪብቶ መያዝ አቃተኝ።

የቀረን መቺ ነበር።

አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ክበቡ ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ካሴቱ ሲዘፍን ጣቶቹ ዴስኩን ይመቱ ነበር፤ ሳያውቀው። አስተማሪያችን አዩትና «አንተ ከበሮ ነህ» አሉት። እጁን ከዴስኩ ላይ አነሳና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እዚህ ላይ ስለ እሱና ስለ እኔ መናገር አለብኝ። ሁለታችንም የጨንቻ ደጋ ልጆች ነን፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት ተምረናል። አርባ ምንጭ አንድ ዶርም እንተኛለን፣ ካፌ ውስጥ ከአንድ ሰሃን እንበላለን። ደጋው ላይ ስንወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእኔ ቤተሰብ ሸማኔና ገበሬ ነው፤ የእሱ አባት ቆዳ ያለፋሉ። በእኛ ሰፈር የዚያን ጊዜ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ልጅ የገበሬ ቤት ደፍ አያልፍም። ከመጣ አጥር ሥር ይቀመጣል፣ ምግቡ በእንሰት ቅጠል ይወጣለታል፤ እሱ የጠጣበት ቅል ለሌላ ሰው አይሰጥም። ሰው ሲሞት ከበሮ የሚመቱትም እነሱ ናቸው፤ ሌላው አይነካውም።

ለዕረፍት በወጣን ቁጥር መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ላይ እሱ ወደ ቤቱ፣ እኔ ወደ ቤቴ እንሄዳለን። «ና፣ ቤት እንግባ» ብዬው አላውቅም። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረንም አናውቅም። ያሳፍረኝ ነበር። ማፈሬን ደግሞ ለእሱ እንደዋልኩለት ውለታ እቆጥረው ነበር።

«ከበሮ እንዳልይዝ ነው አባቴ ትምህርት ቤት የላከኝ» አለኝ ያን ቀን ወደ ዶርም ስንመለስ።

«እዚህ ማን ያውቃል?» አልኩት።

«እኔ አውቃለሁ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተማሪያችን ሳይጠየቁ ስለ አባታቸው አወሩ። አባትየው የባንክ ጸሐፊ ነበሩ። ልጃቸው ቆርቆሮ ታቅፋ አዳራሽ መድረክ ላይ መቆሟን ሲሰሙ፣ «ጥሩ ትምህርት ቤት የላክሁሽ የልብስ አጣቢ ዕቃ ይዘሽ ሰው ፊት እንድትወጪ አይደለም» ብለው ለሦስት ሳምንት አኮረፏቸው። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ቀና አለ።

«በባንዱ ውስጥ፣ መቺው የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም?» አላቸው፣ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል እየመረጠ።

«ማን ይጠይቃል? ያገኘነውን ሰው ነበር የምንይዘው» አሉ። «የእኛ መቺ አባት ከሰል በጀርባው ተሸክሞ የሚሸጥ ሰው ነበር። ጊታር ተጫዋቹ የሐኪም ልጅ ነው። ሁለቱ አንድ ብርጭቆ ሎሚናት ለሁለት ይጠጡ ነበር።»

ጓደኛዬ ትንሽ አሰበ። «ከበሮ አልነካም» አለ በመጨረሻ። «ጀሪካን ግን እመታለሁ።»

ቢጫ የሃያ ሊትር ጀሪካን ጉልበቱ መሃል አስገብቶ በመዳፉና በጣቱ ጫፍ ሲመታው፣ እስከዚያ ቀን ለየብቻው ሲንገዳገድ የነበረው ጊታር፣ ሳጥንና ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ እሱን ይከተል ጀመር። የካሴቱ ምት ባቡር ሲሄድ የሚያሰማውን ዓይነት ነው፤ ይሮጣል፣ ግን አይቸኩልም። እሱ አንድ ጊዜ ሰምቶ ያዘው። «ይኼን ምት አውቀዋለሁ» አለኝ ኋላ ለብቻዬ። «ለቅሶ ላይ ሰው ጦር ይዞ ሲሮጥ አባቴ የሚመታው ነው። ጥቂት ነው የሚለየው።» እኔ ደግሞ የእንግሊዝና የጨንቻ ነገር እንዲህ ተገናኘ ብዬ ገረመኝ እንጂ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪው ፊት ተጫወትን። አራታችንን መድረክ ላይ ሲያዩን አዳራሹ በሳቅ ሞተ፤ አንዱ «ፓምፑ የት ሄደ?» ብሎ ጮኸ። በሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን ወንበሩ ሁሉ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ይጨፈር ነበር። አስተማሪያችን በማንኪያው ቆርቆሯቸውን ሲፍቁ መነጽራቸው ወድቆ በእግራቸው ረገጡት። ጓደኛዬን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ጀሪካኑን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ቆሞ ነበር የሚመታው፤ ፊት ለፊት፣ ሁላችንም ከኋላው ሆነን።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ደረሰ። አስተማሪያችን ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበርና የጋሞን መስቀል ሳላይ አልሄድም አሉ። የእኔ ቤት ይሁን ተባለ። እሳቸው ያሰቡት አራታችንም ሄደን በዓሉ ላይ እንድንጫወት ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ደፉ ትዝ አለኝ። ጓደኛዬን ደፉ ላይ ሲደርስ ምን ላደርገው ነው? አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ አባቱ ያላደረገውን ግን አያደርግም። ሦስት ቀን አወጣሁ አወረድሁና መላ መታሁ። ከቤት ውጪ፣ ሜዳው ላይ እንጫወታለን። ሜዳ ደፍ የለውም፤ ማን ገባ ማን አልገባ አይባልም። በብልሃቴ ኮራሁ።

የመስቀል ዋዜማ ከሲቀላ በአይሱዙ ተሳፈርን፤ ሳጥኑም ጀሪካኑም ከላይ ከጭነቱ ጋር ታሰሩ። ሙዙና ማንጎው እያለቀ እንሰትና ቀርከሃ ሲመጣ ብርዱም አብሮ መጣ።

«ባንዳችሁ በኋላ ምን ሆነ?» አላቸው ጓደኛዬ።

«ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም» አሉ። «ልጆቹ ሥራ ያዙ፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ገዙ፣ ደህና ከበሮ ገዙ። ሮክ ኤንድ ሮል ሆነ። ለልብስ ማሻ ቦታ አልነበረውም። ማሻውን ለእናቴ መለስሁላት።»

«ቅር አላልዎትም?»

አስተማሪያችን በመስኮቱ ጭጋጉን ያዩ ነበር። «አልጠሩኝም» አሉ። «ቢጠሩኝ ኖሮ ምን እንደምሠራ አላውቅም። መጠራት ግን እፈልግ ነበር።»

ጨንቻ ስንወርድ ጀሪካኑ ኩንታል በቆሎ ተጭኖት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘነው። የመስቀል ገበያው ተበትኗል፤ ሌላ የሚገዛበት ቦታ የለም።

«የአባትህን ከበሮ አምጣ» አልኩት።

«የአባቴን?»

«ለአንድ ቀን ነው።»

«ሜዳው ላይ?»

«ሜዳው ላይ።»

«ይሰማል እኮ» አለ። «በመስቀል።»

«ለመሰማት አይደል የምንጫወተው?»

አየኝ። ሜዳውን ለምን እንደመረጥኩ ነግሬው አላውቅም፤ ግን ያን ጊዜ እንደገባው ፊቱ ላይ አነበብኩ። «እሺ» አለና መንገዱ ከሚከፈልበት ወደ ቤቱ ሄደ።

በእኛ ሰፈር በመስቀል ሰሞን ለቅሶ የለም። ሰው ቢሞት እንኳ በዝምታ ይቀበራል፣ ከበሮው በዓሉ እስኪያልፍ ይቆያል። ይህን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የእኛ ግን ዘፈን ነው፤ ጊታር አለው፣ ቆርቆሮ አለው፣ ማን ለቅሶ ይለዋል ብዬ ተዝናናሁ። ከሩቅ ላለ ሰው ጊታሩም ቆርቆሮውም እንደማይሰማ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ የሚሄደው ከበሮው ብቻ እንደሆነ አላሰብኩም። ውኃ ምህንድስና እማር ነበር እንጂ ስለ ድምፅ ማን ነገረኝ?

በማግስቱ ከቤታችን በታች ያለው ሜዳ ላይ ሳጥኔን ተከልኩ። ጠዋት የታረደውን በልተን፣ በቅቤ የራሰ የገብስ ገንፎ ጎርሰን ሆዳችን ተወጥሯል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ቤት ውስጥ እሳት ዳር ተኝተው ነበር። በአገሩ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ክረምት ግን ሳል ይዟቸው ከቤት አልወጡም። ጓደኛዬ ከበሮውን በነጠላ ሸፍኖ መጣ። ሰላምታ ሰጠንና አጥሩን ሳያልፍ ሜዳው ላይ ቆመ።

ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ልጆች ዙሪያችንን ከበቡን። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ሰዉ ፈዝዞ ያየን ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ማጨብጨብ ጀመረ። እውነተኛ ከበሮ ከጀሪካን ጋር አይወዳደርም፤ ሆዴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ከማዶው ሸንተረር አንዲት ሴት ስትጮኽ ሰማን። ከዚያ ሌላ። ቀና ስንል የማዶው ሰው ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ወንዶቹ ጦር ይዘዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፣ ሁሉም የአጎቴን ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ። በመስቀል ደፍረው ከበሮ የመቱት ትልቅ ሰው ቢሞት ነው ብለዋል። ትልቅ ሰው፣ በዚያ ላይ የታመመ፣ አጎቴ ናቸው።

አስተማሪያችን የበዓሉ ወግ መስሏቸው ቆርቆሯቸውን መፋቅ አላቆሙም፤ እጃቸውን መያዝ ነበረብኝ።

አጎቴ ጫጫታውን ሰምተው ቡልኳቸውን ተከናንበው በዱላ ወጡ። ከፊት ስታለቅስ የመጣችው ሴትዮ እግራቸው ሥር ልትወድቅ ስትል ቀና ብላ አየቻቸው። ክው ብላ ቀረች።

«ደህና ነው የምታለቅሺው» አሏት አጎቴ። «ቀጥዪ፣ እኔም ልስማ።»

ገሚሱ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። ሕያው ሰው ተለቅሶለት ዝም አይባልም፤ ሞት መጥራት ነው። እዚያው ሜዳው ላይ እርጥብ ሣር ነጭተው ተቀመጡ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አጥፊው ጥፋቱን በአፉ ያምናል፤ ከዚያ አጥፊና ተበዳይ ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው፣ ከአንድ ቅል ቦርዴ የሚባለውን የእህል ጠላ አንድ ላይ ይጠጣሉ። አብረው ካልጠጡ አልታረቁም። ከጠጡ ደግሞ ተያይዘው ቤት ገብተው ይበላሉ። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ቅሉን ሞልታ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

«ከበሮውን የመታ ማነው?» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ።

ጓደኛዬ ከበሮውን መሬት አስቀምጦ ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ። «ምን እንደሚል እያወቅሁ መትቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» አላጎነበሰም፣ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም።

ሽማግሌው ሣሩን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። አምኗል፤ ቀጥሎ ያለው ቅሉ ነው። ሁሉም ወደ ቅሉ አየ፣ ከዚያ ወደ እሱ፣ ከዚያ ወደ መሬት። አንዱ «ልጅ ነው፣ ይለፈው» አሉ። ሌላው «አባቱ ተጠርቶ ይመከር» አሉ። አጎቴ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሳሉና፣ «ቅሉን አምጡ» አሉ። እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ የጫማውን ጫፍ ያያል። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

እኔ አልቻልኩም። ያ ዝምታ አንድ ደቂቃም አልቆየ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የሚያልቅ አልመሰለኝም። ዘልዬ ተነሣሁ። «ከበሮውን አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሜዳውንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ይሰማል ብሎ ነግሮኛል፣ አልሰማሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።» አንድም ቃል አልዋሸሁም። በሕይወቴ እንዲህ ጀግኜ አላውቅም።

ሜዳው ሁሉ ተነፈሰ። «የእኛው ልጅ ነው ለካ ያጠፋው» አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸው በርቶ። እናቴ ቅሉን ይዛ መጣች። ከአጎቴ ጎን ተንበረከክሁ፤ ያልተላጨው ጉንጫቸው ጉንጬን ወጋኝ። ቅሉን ወደ አፋችን ከማስጠጋታችን በፊት፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። በማጥፋቴ የተቆጡኝ መሰለኝ። ጠጣን፤ ቦርዴው አገጫችን ላይ ፈሰሰ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ አስተማሪያችን ፎቶ አነሡን።

ከዚያ ሁሉም ወደ ቤት ተጠራ። ለጓደኛዬ ምግቡ በእንሰት ቅጠል ወጣለት፤ አጥሩ ሥር ተቀምጦ በላ። አስተማሪያችን በጨለማው ቤት ውስጥ ዙሪያቸውን አይተው «መቺያችን የት ሄደ?» አሉኝ። «አየር ይሻለዋል» አልኳቸው። እሳቸውም ሥጋ አጎረሱኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጨንቻ ከተማ ለመሄድ ተነሣን። አስተማሪያችንና የአዲስ አበባው ልጅ ከፊት ቀደሙ። እኔና እሱ ሳጥኑን በመወልወያው እንጨት ላይ አንጠልጥለን ተሸከምነው፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከበሮው ጀርባው ላይ ታዝሎ ነበር፤ ፊቱን አላየውም። ደስ ብሎኛል። አገር ሙሉ ሰው ፊት ጥፋቱን ከእሱ ላይ አንሥቼ ራሴ ላይ አድርጌያለሁ። ብዙ መንገድ ሄድን፤ እስኪያመሰግነኝ እየጠበቅሁ ነበር።

«አጎትህ ቅሉን አምጡ ብለው ነበር» አለ።

«አዎ።»

«ሰምተሃል ማለት ነው።»

«ለአንተ ብዬ ነው የተነሣሁት» አልኩት።

«እኔም ለራሴ ብዬ ነበር የተነሣሁት» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ እርምጃውንም አልቀየረም። «ያጠፋ ሰው አብሮ ይጠጣል፤ ሕጉ ነው። ሌላ መግቢያ የለኝም፤ አንተ አስገብተኸኝ አታውቅም። እንቢ ካሉም እኔን እንቢ ይበሉኝ ነበር፣ ፊቴን እያዩ። ጥፋቱ እንኳ የእኔ ነበር፤ እሱንም ወሰድክብኝ።»

ቁልቁለቱ ጀምሮ ስለነበር ሳጥኑ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጀርባውን ይገፋው ነበር፤ ወደ ኋላ ሳብሁለት። ተመልሼ አጎቴን ልጠይቃቸው አሰብኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ያቺን አንዲት ደቂቃ ብታገሥ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? አሁን እየመሸ ነው፣ በሚቀጥለው ዕረፍት እጠይቃለሁ አልኩ። በጥር አጎቴ ሞቱ፤ ከበሮውን የመቱት የጓደኛዬ አባት ናቸው። አጎቴ ያን ቀን ከጓደኛዬ ጋር ይጠጡ ነበር ወይስ አይጠጡም ነበር፣ እሱም እኔም ሳናውቅ ቀረን።